ለራሳቸው ክበብ የከለከሉት ቆስጣ

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «እማማ ቆስጣ» ይላታል። ከፍሳሽ ማጣሪያው ጀርባ ባለው መሬቷ ላይ ቆስጣና ካሮት እያመረተች ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች፣ ነገር በሆዷ የማታሳድር ሴት ናት።

የማጣሪያው መኪና በየጊዜው የደረቀ ዝቃጭ እያመጣ ማሳው ዳር ይገለብጣል። «ማዳበሪያ ነው፣ በነጻ» ይላል ሹፌሩ። ቅጠሉም ያምርበት ነበር። የማጣሪያው ሠራተኞች ክበብ ራሱ ደንበኛዋ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆስጣዋን ለክበቡ ይዛ ስትሄድ የክበቡ ምግብ አብሳይ፣ አብሮ አደጓ፣ በር ላይ አስቆመቻት።

«ከእንግዲህ አልቀበልሽም።»

«ምነው፣ ጠወለገ?»

«ካንቺ አልደብቅም። በዝቃጩ ከሚያለማ ሰው አትግዙ ተብለናል። ባትሪ ከሚያድሱት ዘንድ በቱቦ የሚመጣ እርሳስ የሚባል መርዝ ተገኝቶበታል አሉ። ወደ አትክልቱም ይገባል።»

«መቼ ነው ይህ የተባለው?»

«ክረምቱ ሳይገባ።»

ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል። መኪናው ግን ትናንት እንኳ ገልብጦ ሄዷል።

አክስቴ ቅርጫቷን እዚያው ጥላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሰውየው ወንበር ሳበላት።

«እናቴ፣ ሰው እንዳይደነግጥ ብለን ነው። ከተፈቀደው የሚበልጠው ትንሽ ነው። በደንብ አጥበው ይብሉ።»

«ለእናንተ ሆድ ሲሆን ብዙ፣ ለእኛ ሲሆን ትንሽ? የልጅ ልጆቼ ካሮቱን ከመሬት እየነቀሉ ነው የሚግጡት። ደማቸውን አስመርምርልኝ።»

«እሱ የእኛ ሥራ አይደለም።»

ዘበኛ ጠርቶ አስወጣት። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያቺ «ትንሽ» ያላት ቃል ናት።

እቤቷ እንደደረሰች ማሳውን መንቀል ጀመረች። ጎረቤቶቿ ተሯሩጠው መጡ። «አንቺ ከነቀልሽ የእኛን ማን ይገዛናል? ገበያችንን አትዝጊብን» አሏት።

«እያወቅሁ ለሰው ልጅ መርዝ አላበላም» አለች፣ ቀና ሳትል። ያኔ ያኮረፏት ዛሬም ሰላም አይሏትም።

ከዚያ በኋላ መኪናው ሰፈራችን መምጣቱን አቆመ። ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀ መሰለው። በቅርቡ ግን አክስቴ ታክሲ ውስጥ ሆና፣ ያንኑ መኪና ከወንዙ ማዶ ሽንኩርት የሚያለሙት ዘንድ ሊገለብጥ ሲታጠፍ አየችው። «ወራጅ አለ» ብላ ወረደችና መንገዱ መሀል ቆመች። የዝቃጩ መኪና ሹፌር ክላክሱን ቢያስጮህባትም ዞር ብላ አላየችው። ጀርባዋን ሰጥታው፣ ለሚኮተኩቱት ሴቶች ምን እየተጫነላቸው እንደመጣ ትነግራቸው ጀመር።