መርፌ የፈታችው ጥብጣብ

መርፌዋን በሦስቱ ወረቀቶች ጥግ አሾልካ ክሩን ሳብ አደረገችው፤ ጫፉን በጥርሷ በጠሰችው። «አሁን ሰው መሰልክ» አለችው ወረቀቱን። ከባሕር ማዶ ሲመጣ በሰማያዊ ጥብጣብ ነበር የታሰረው፤ ያውም ጠማማ ሆኖ፣ ቋጠሮው እንደ ኪንታሮት ጎልቶ። ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት እንዲህ ያለ ሥራ ይዛ መንግሥት ፊት አትቀርብም። ጥብጣቡን በምላጭ ቆርጣ ጣለች፤ ገጾቹን አስተካክላ ደረበች፤ በነጭ ክር አምስት ጊዜ ወጋች። ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን የቀመሱት ግን ሌላ ይላሉ።

ወረቀቱ የታናሽ ወንድሟ ነው። ወንድሟ ውጭ አገር መካኒክ ነው። ከመሄዱ በፊት ይሠራበት በነበረው የትራንስፖርት ኩባንያ ጥቂት አክሲዮን ገዝቶ ነበር፤ በየዓመቱ የትርፍ ድርሻው ሲከፈል ኩባንያው ግብሩን አስቀድሞ ቆርጦ ለመንግሥት ያስገባል። ኑሮው ውጭ ለሆነ ዜጋ የሚቆረጠው ከመቶ ሠላሳ ነው። ሁለቱ አገሮች ግን በአንድ ገቢ ላይ ሁለቴ ግብር ላለመጫን ተዋውለዋል። «ይህ ሰው እዚህ ነዋሪ ነው፤ ግብሩንም እዚህ ይከፍላል» የሚል ማስረጃ ከዚያ ከመጣ፣ የሚቆረጠው ከመቶ አሥር ብቻ ይሆናል። በመርፌ እጅ ያለው ያ ማስረጃ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀብሎ ለኩባንያው ካላስታወቀ ነገ ሠላሳው ይቆረጣል። ተመላሽ መጠየቅ ይቻላል፤ እሱ ደግሞ ወራት ይፈጃል። የእናታቸው ዓይን ግን ወራት የለውም። ግራው ጠፍቷል። ለቀኙ ሐኪሙ ሰኞ ቀዶ ሕክምና ሊያደርግላቸው ቀጠሮ ይዟል፤ ክፍያው በቅድሚያ ነው፤ የሚከፈለውም ከዚሁ ከወንድሟ የትርፍ ድርሻ ነው። ሠላሳው ከተቆረጠ ገንዘቡ አይሞላም። አሥሩ ከተቆረጠ ልክክ ይላል፤ ለታክሲ እንኳ ሳይተርፍ።

«ሄድኩ እማዬ።»

እናቷ ከአልጋው ጫፍ ላይ ሆነው ድምፅዋ ወደመጣበት ዞሩ። «ያን ሰማያዊውን ለብሰሻል? እሱ ነው የሚያምርብሽ።»

የለበሰችው አረንጓዴ ነው። «አዎ» አለችና በሩን ዘጋች።

መስኮት ሰባት ጋ ተራዋ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሠራተኛዋ ልጅ እግር ናት። ወረቀቱን ገለጠች፤ ስፌቱን አየች፤ እጇ ቆመ።

«ይሄን ማን ነው የሰፋው?»

መርፌ ምስጋና የመጣላት መሰላት። «እኔው ነኝ የኔ ልጅ።»

«የመጣበት ማሰሪያስ?»

«ጠማማ ነበር፤ ፈታሁት።»

ልጅቷ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ጉንዳን የሄደበት በሚመስል ደቃቅ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «'ማሰሪያው ከተፈታ ማስረጃው ዋጋ የለውም' ነው የሚለው እናቴ። ገጽ ተቀይሮ ቢሆንስ በምን አውቃለሁ? መቀበል አልችልም። ቀጣይ!»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«እታለም! ተቀበሉሽ?»

«ጥብጣቡን ፈትቼው ነበር።»

«ማን ፍቺው አለሽ?»

«ጠማማ ነበራ!»

«ከታች ተጽፏል እኮ እታለም!»

«ለማን ነው የተጻፈው? የዚያን አገር ቋንቋ በሕልሜ ልማረው?»

«ሌላ ለማውጣት ሦስት ሳምንት ነው። እማዬ ደግሞ ሰኞ…»

«ሰኞን አውቀዋለሁ» ብላ ዘጋችው።

ከደረጃው ሥር ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው ሰው ጆሮውን ጥሎ ሲሰማ ቆይቷል። መሳቢያውን ከፍቶ ክንድ የምታህል ሰማያዊ ጥብጣብ መዘዘ። «እትዬ፣ በዚህ ነው እንዴ ፊትሽ የጠቆረው? ክርሽን ፍቺው፤ በድሮው ቀዳዳ ይቺን አስገቢ፤ በመስኮት ዘጠኝ ግቢ። ማን ያያል?»

ሰዓቷን አየች። አሥር ሰዓት ከሩብ። ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው፤ ከእሷ እጅ የሚበልጥም የለም። ቢነቃባት ግን አጭበርባሪ የሚባለው ወንድሟ ነው። የእናቷ ፊት መጣባት፤ ጥብጣቡን ተቀበለች። ክሯን ልትፈታ ገጾቹን ስታገላብጥ አውራ ጣቷ አንድ እብጠት ላይ አረፈ። በቀለም የተመታ አይደለም፤ ብረት ረግጦ ያወጣው ክብ ማኅተም ነው። ሁለተኛውን ገጽ ዳሰሰች፤ እዚያው ቦታ አለ። ሦስተኛውንም ዳሰሰች።

«ምነው ደረቅሽ?» አለ ሰውዬው።

«ጥብጣብህን ያዝ» ብላ ደረጃውን በሩጫ ወጣች።

የክፍሉ ኃላፊ ቦርሳውን ዘግቶ ሊነሣ ነበር።

«ጋሼ፣ አንዴ ጣትዎን ያውሱኝ።»

«ምኔን?»

«ጣትዎን። ጥብጣቡን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ አልዋሽዎትም። ግን ይህን ማኅተም ይዳስሱት። ብረቱ ሦስቱን ገጽ ደርቦ ባንዴ ነው የረገጣቸው። አንዱ ገጽ ቢቀየር ኖሮ እብጠቱ አይገጥምም ነበር። ኮሌታ ሲገጥምና ሳይገጥም እኔ በጨለማም አውቃለሁ።»

ሰውዬው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ተቀመጠ። ክቡን በጥፍሩ ተከተለ፤ ገጾቹን ወደ ብርሃን አነሣ። ከዚያ የመስኮት ሰባቷን ልጅ አስጠራት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ደጋግማ ዳሰሰች።

«ይገጥማል» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ደንቡ የወጣው ገጽ እንዳይቀየር ነው» አለ ኃላፊው፤ ለራሱ የሚናገር ይመስላል። «እህቴ፣ ቃልሽን በጽሑፍ ስጪ። በሠላሳ ቀን ውስጥ አዲስ ማስረጃ ካልመጣ ልዩነቱን ወንድምሽ ይከፍላል።»

«እኔ ፈታሁት፤ እኔ ሰፋሁት» ብላ ጽፋ ፈረመች። ኮምፒውተሩ ተኛ፤ ልጅቷ ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው፤ ነቃ። ደብዳቤው ለኩባንያው ሲላክ ለአሥራ አንድ አራት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

ማክሰኞ ፋሻው ሲነሣ መርፌ ያንኑ አረንጓዴ ልብስ ለብሳ ከአልጋው አጠገብ ቆማለች። እናቷ ዓይናቸውን ብዙ ጊዜ አርገበገቡ፤ ከዚያ ልብሷ ላይ አተኮሩ።

«ይሄ ምኑ ነው ሰማያዊ? ያን ለታም ዋሽተሽኛል ማለት ነው።»

መርፌ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

እንግዲህ ፊደል የቆጠራችሁ ልጆቻችን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከሩቅ ወረቀት ስትልኩልን ትልልቁን ጽሑፍ ነግራችሁን ብቻ አትለፉ፤ ከግርጌ ያለችውን ደቃቅ መስመርም ጮክ ብላችሁ አንብቡልን። እጃችን ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅምና።