የውብአየሁ ጭብጨባ

እዚህ አሜሪካ፣ ከሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድ ብሎ ባለ አንድ አፓርትመንት ውስጥ፣ ከአንዱ በር ሥር ወጥቶ መተላለፊያውን አቋርጦ ከማዶው በር ሥር የሚገባ ብርቱካንማ የኤሌክትሪክ ገመድ ነበር። ይህን የምትጽፈው እህት ያየችው ስላደናቀፋት ነው፤ ውብአየሁን ለጸሎት ልትወስዳት መጥታ። ገመዱ የውብአየሁ ነው። ማዶ የምትኖረው አሮጊት፣ እማማ ዶሪስ፣ መብራት ተቆርጦባት ነበርና ውብአየሁ ማንንም ሳታማክር ለአንድ ማሞቂያና ለአንድ አምፖል የሚሆን ከቤቷ ቀጥላላታለች። ስትያዝ እንደ ሌባ ደነገጠች። "ለማንም እንዳትነግሪ" አለች። ይኸው አሁን ለሁሉም ተነገረ።

ውብአየሁ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ናት። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ በዚያ ብርድ፣ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ዋጋ ሊጨምር ነው ተባለ። ምክንያቱ ልብ ይነካል። ኩባንያው የኒውክሌር ጣቢያ መሥራት ጀምሮ ሳይጨርስ ተወው። ከጣቢያው አንድ አምፖል እንኳ አልበራም፤ ነገር ግን የባለአክሲዮኖቹ ትርፍ እንዳይጓደል አንድ ሰው ኪሳራውን መክፈል ነበረበት። ባለአክሲዮኖቹ እንዳይከፍሉ፣ ምስኪኖች፣ ኪሳራ አልለመዱም። የቀረው ሰው፣ ሲበርደው ማሞቂያ የሚያበራው ነው። ጭማሪው ከጸደቀ ሁለት ቤት ማሞቅ እንደማይቻላት፣ ገመዱን በገዛ እጇ መንቀል እንዳለባት ውብአየሁ ታውቃለች።

ስለዚህ ዋጋ የሚያጸድቀው ኮሚሽን ሕዝቡን በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሲጠራ፣ እማማ ዶሪስን ይዛ ሄደች። የምትናገረውን እንግሊዝኛ አልጋ እያነጠፈች ለትራሶቹ ስትለማመድ ሰንብታለች። ትራሶቹ አልተቃወሟትም።

መጀመሪያ የተናገረው የኩባንያው ጠበቃ ነበር። ባለአክሲዮኖቻችን ጡረተኞችና መበለቶች ናቸው ሲል ድምፁ ተሰበረ። እማማ ዶሪስ፣ መበለት ሆና ሳለ አክሲዮን መግዛት የረሳችው፣ ካፖርቷን ሰብሰብ አደረገች። ጠበቃው ጨርሶ ወረቀቱን አጠፈ። አዳራሹ ጭጭ አለ።

ይህን ዓይነት ጸጥታ ውብአየሁ ታውቀዋለች። አዲስ አበባ፣ በቀበሌ ስብሰባ፣ ሊቀመንበሩ ተናግሮ ሲጨርስ እንዲህ ጭጭ ከተባለ የአንድ ሰው ስም ይያዛል። እጆቿ እሷን ሳያስፈቅዱ ተነሡ። አጨበጨበች። ቀድሞ ማቆምም ያስጠይቅ ነበርና አላቋረጠችም። ሞቅ አድርጋ፣ ብቻዋን፣ በተቆጣ ሕዝብ መካከል።

ጠበቃው ደረቱን ይዞ እጅ ነሣ፤ ቢያንስ አንዲት ደንበኛ ነገሩ ገብቷታል አለ። ስሟ ተጠርቶ ማይክራፎኑ ፊት ስትቆም ለትራሶቹ ያለችው ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ። "ቴንኪው" ብላ ተቀመጠች። ኩባንያው ከፍሎ እንኳ እንዲህ ያለ ምስክር አያገኝም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ገመዱ ተነቅሎ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ በውብአየሁ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር።

አንኳኳች። እማማ ዶሪስ በካፖርትና በሹራብ ኮፍያ ሆና ከፈተች። በጨዋ ደንብ፣ ኩባንያውን ከሚወድ ሰው ሙቀት መውሰድ እንደሚከብዳት ነገረቻት። ፈረንጅ ይሉኝታ የለውም የሚል ሰው ይህችን ሴት አያውቅም።

ውብአየሁ ልታስረዳ ሞከረች። ቃል ሲያጥራት ወንበር ሳበችና ላዩ ላይ ቆማ የቀበሌው ሊቀመንበር ሆና ፎከረች። ከዚያ ወርዳ ሕዝቡ ሆነች፤ እያጨበጨበች፣ ማን ቀድሞ እንደሚያቆም ግራ ቀኙን በዓይኗ እየሰረቀች። የእማማ ዶሪስ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ውብአየሁ ብርድ መስሏት ደነገጠች። ሳቅ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚህ አገር ባለማጨብጨብ የታሰረ የለም ብላ አሮጊቷ አጽናናቻት፤ የሚጨምረው ክፍያው ብቻ ነው።

ገመዱን ተቀበለች፣ ግን በውል። ኮሚሽኑ ከመወሰኑ በፊት ኦሎምፒያ ከተማ የመጨረሻ ስብሰባ አለው፤ ውብአየሁ እዚያ ሄዳ የዋጠችውን ሁሉ ትናገራለች። ካልሆነ ገመዱ ይመለሳል።

በማግሥቱ ውብአየሁ ይህን ለምትጽፈው እህት ኮል አደረገች። እማማ ዶሪስ ዛሬ ሞቋት እንዳደረች ነገረቻት እንጂ ስለ ራሷ ብዙ አላወራችም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እህቴ፣ መኪናሽን ይዘሽ ኦሎምፒያ ትወስጂናለሽ? ስንደርስ ደግሞ አጠገቤ ተቀመጪ። ጠበቃው ተናግሮ ሲጨርስ እጆቼን ጥብቅ አድርገሽ ያዥልኝ። እኔ ምላሴን አዘጋጅቻለሁ፤ እነሱን ግን አላምናቸውም።"