የቀጥቃጭ ቤት ዳቦ

እንግዳ ቤታችን ሲገባ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው፤ ወደ ዳቦው ይዘረጋ እንደሆነ። አባቴ መርሳ ከተማ ውስጥ መዳብ እየቀጠቀጠ ነው ያሳደገን። ለቤተ ክርስቲያን መስቀልና ጸናጽል፣ ለሙስሊሙ የውዱእ ማንቆርቆሪያ ይሠራል። ሥራውን የማያደንቅ የለም። ዳቦ ሲቀርብለት ግን ሁሉም የሚያስቸኩል ጉዳይ ትዝ ይለዋል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ይባላላ! ትምህርት ቤት ሳለሁ ምሳዬን የሚጋራኝ አልነበረም። መዶሻ እንዳልነካ የማልኩት ያኔ ነው። ወንድሜም ሹፌር ሆኖ ወጣ። የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሙያውን የሚረከበው ሰው አጣ።

አምና አንድ ሐሙስ ጠዋት ከጎረቤት ከተማ ከግራና አንዲት ሂጃብ የለበሰች ወጣት መጣች። "አባባ፣ ያስተምሩኝ። ይሄ ሙያ ቅርስ ነው፣ መጥፋት የለበትም" አለችው። አባቴ ደስታውን መደበቅ አቃተው። እኔን ግን "ቅርስ" የሚለው ቃል ጎረበጠኝ። ቅርስ የሚሉን ሰዎች ፎቷቸውን አንስተው፣ ይዘውት የመጡትን የታሸገ ውሃ ጠጥተው ነው የሚሄዱት።

አባቴ የእሳቱን ወናፍ አስያዛት፤ መሃል መሃል ላይም መዶሻ ያስጨብጣት ጀመር። እኔም ዳቦ ቆርሼ ከውሃ ጋር አቀረብኩላት።

"ይቆየኝ" አለች።

"ሥጋ የለበትም፣ ዳቦ ነው።"

"አውቃለሁ እህቴ፣ ይቆየኝ።"

ይኸው! አልኩ በልቤ። ከሰዓት በኋላ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ውሃው ግን አጠገቧ እንደተቀመጠ ነው። ከእኛ ብርጭቆ ከመጠጣት እሳት ዳር በውሃ ጥም መቃጠሉን መርጣለች ማለት ነው። ደሜ ፈላ። አባቴን ወደ ጓዳ ጠራሁና "በከንቱ አትድከም። ይቺም እንደሌሎቹ ፈርታናለች" አልኩት።

ወደ ሥራው ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ያስጨበጣትን መዶሻ ከእጇ ወስዶ ብቻውን መቀጥቀጥ ጀመረ። እሷ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ወደ ወናፉ ተመለሰች።

ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ወናፉን ለቀቀች። "ቢስሚላህ" ብላ ውሃውን ጨለጠችው፤ ዳቦውንም ሳብ አድርጋ መጉረስ ጀመረች።

"ጾመኛ ነበርሽ እንዴ?" አላት አባቴ።

"ሐሙስ ሐሙስ እጾማለሁ አባባ። የሱና፣ የፈቃድ ጾም ስለሆነ ማውራቱን አልወደድኩም።"

እኔ ግን አመሌ አይለቀኝም፤ ቢስሚላህ ማለቷንም ጠረጠርኩት። ለምግቡ ነው ወይስ ከእኛ ዓይን እንዲጠብቃት? አፏን ስመለከት አየችኝና ባዶውን ሳህን ዘረጋችልኝ።

"እህቴ፣ ጨምሪልኝ። ርቦኛል።"

ከእኛ ቤት በልቶ ጨምሩልኝ ያለ ባዳ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አባቴ ከኋላዬ "ነገ በጠዋት ነይ" ሲላት ሰማሁ። ዳቦውን ልቆርስ ጓዳ ገባሁ፤ እንባዬ አላስቆርስ አለኝ።