ሁለት ቡድን የለበሰው ማልያ

የልብስ ሳሙናና የእርጥብ ጭቃ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ካለው የእንጨት ሥራ ቤቴ ሳልነሣ ወደ ልጅነቴ እሁድ እመለሳለሁ። ያኔ የምንኖረው ሄርማታ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቶ፣ እናታችን የሰው ልብስ እያጠበች፣ ታላቅ ወንድሜ ከድር በቡና መፈልፈያው በቀን ሥራ ጆንያ እየተሸከመ ያሳድጉኝ ነበር።

መፈልፈያው ዋና ቡድንና ቢ ቡድን የሚባሉ ሁለት የእግር ኳስ ቡድኖች ነበሩት፤ ከድር የቢው ተከላካይ ነበር። ዋናው ቡድን በዘጠኝ ሰዓት ሲጫወት ሜዳው ዙሪያ በሰው ይሞላል። ቢው ግን በሰባት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ስለሚጫወት፣ ተመልካቾቹ እኔ፣ ሸንኮራ የሚሸጡ ሁለት ሴቶችና አባ ፊጣ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዘበኛ ብቻ ነበርን። እኔ ከዋናው ይልቅ ይኸኛው ይጥመኝ ነበር፤ ጩኸት ስለሌለ ተጫዋቾቹ ሲቀላለዱ፣ ሲሰዳደቡ፣ ሲሳሳቁ ሁሉ ይሰማኝ ነበርና።

ለሁለቱ ቡድኖች የነበረው ማልያ አንድ ብቻ ነበር። ቢዎቹ ሲጨርሱ ቢጫውን ማልያ አውልቀው፣ ላቡ ሳይደርቅ ለዋናዎቹ ያስረክቡ ነበር። ስለዚህ አሠልጣኙ ጋሽ ታደሰ አንድ ሕግ አውጥተው ነበር፤ የቢ ተጫዋች መሬት ላይ አይወድቅም፣ ማልያ ያቆሸሸ የሚቀጥለውን እሁድ ተቀምጦ ያያል። በዚህ የተነሣ የእኛ ተከላካዮች ሸርተቴ መግባት ሲገባቸው እግራቸውን ብቻ ዘርግተው፣ ያለፈቻቸውን ኳስ በዓይናቸው ይሸኙ ነበር።

«ያ ከድር!» ይሉ ነበር አባ ፊጣ ከዳር ሆነው፤ «የምትጠብቀው ጎሉን ነው ሸሚዙን?»

«ሁለቱንም፣ አባ ፊጣ!» ይላቸው ነበር ከድር፣ ሩጫውን ሳያቋርጥ።

ሰኞ ሰኞ ማልያዎቹን የምታጥበው እናታችን ነበረች። በበጋ ሥራው ቀላል ነበር፤ አቧራው ተራግፎ፣ በሁለት ጀሪካን ውሃ ታጥበው ግቢያችን ውስጥ ይሰጣሉ፤ እኔም የከድርን አራት ቁጥር ፈልጌ ከሥሩ ቁጭ ብዬ ደብተሬን አነብ ነበር። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ግን በተለይ የዋናዎቹ ጭቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ አይለቅም፤ ውሃውን ከቦኖ ተሰልፌ የምቀዳው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ ከዋናው ቡድን አንድ ተከላካይ ወደ ሌላ አገር ሄደና፣ ጋሽ ታደሰ የእሁዱን የቢ ጨዋታ አይተው በቦታው ሰው እንደሚመርጡ ተናገሩ። ዋናው ቡድን የገባ በመፈልፈያው መጋዘን ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል። ከድር ካልተመረጠ ግን የቀን ሥራው ስለማያዛልቅ፣ አጋሮ ካለው አጎታችን ዘንድ ሄዶ ቡና ሊኮተኩት ተቆርጦ ነበር። እናታችን «ኢንሻላህ ልጄ ከቤቴ አይወጣም» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ዱዓ ስታደርግ ሰነበተች።

የዚያን እሁድ ጠዋት ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ባለፈው ሰኞ ቦኖ ስምንት ጊዜ ተመላልሼ ትከሻዬ ተልጦ ስለነበር፣ ከድር ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ቆሜ «ከድሬ፣ በአላህ፣ ዛሬ እንዳትወድቅ። የዋናዎቹ ጭቃ ይበቃኛል፤ ውሃ መቅዳት ሰልችቶኛል» አልኩት። ሳቀና «እሺ ጌታው፣ አልወድቅም» አለኝ። ልጅ ስለነበርኩ ነው ብዬ ራሴን አላታልልም። ቀኑ ለእሱ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ሲል የባላጋራው አጥቂ ኳሷን ይዞ አመለጠና ከፊቱ ከድር ብቻ ቀረ። ሸርተቴ ቢገባ ይደርስባት ነበር። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ሊወረወር ካለ በኋላ፣ እኔ ወደ ቆምኩበት ዞር ብሎ አየና ቀና አለ። ኳሷ ገባች።

ጋሽ ታደሰም ከድርን ጠርተው «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ግን ጎል ሲገባ ቆሞ የሚያይ ተከላካይ አልወስድም» አሉት። እሱም አራት ቁጥርን አውልቆ፣ አጣጥፎ አስረከባቸው። አንዲት ጠብታ ጭቃ አልነበረባትም።

ሰኔ ላይ አጋሮ ሄደ። እናታችን «ልጄ ምን ነክቶት ነው የቆመው?» እያለች ስትጠይቅ፣ የማውቀውን ሳልነግራት ኖርኩ፤ ሳልነግራትም ሞተች። እኔም አድጌ፣ ወልጄ፣ ልጆቼን ንጽሕና እያልኩ በቁጣ አሳደግኩ። ትክክል ነበርኩ፤ ግን ቁጣዬ ሁሉ ስለ ንጽሕና ብቻ አልነበረም።

ባለፈው ግንቦት ከድር ሊጠይቀን መጥቶ፣ የመጨረሻ ልጄ ሳዲቅ ለትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ቡድን ሲጫወት አብረን ሄድን። ሜዳው ጭቃ ነበር። አንድ አጥቂ ሳዲቅን ሊያልፈው ሲል፣ ልጄ መጀመሪያ ያየው ኳሷን ሳይሆን እኔን ነበር። አፌን ከመክፈቴ በፊት ከድር ምርኩዙን ተደግፎ ብድግ አለና ጮኸ፦

«ውደቅ፣ አንተ! ውሃውን አባትህ ይቀዳል!»

ልጁ ተንሸራቶ ኳሷን አወጣት። ከድር ተመልሶ ተቀመጠና፣ ፊቴን ሳያይ የያዘውን ሸንኮራ ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝ። ያኔ ያልኩትን ያን ሁሉ ዓመት አልረሳውም ነበር ማለት ነው።

ያኔ አንዱን ማልያ ሁለት ሰው ይለብሰው ነበር፤ ዛሬ ሳዲቅ ብቻውን ሁለት አለው። ያኔ ቦኖ ላይ ወረፋ እንጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ቧንቧው ግቢያችን ውስጥ ነው። እቤት ስንገባ ባለቤቴ እቆጣለሁ ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። እኔ ግን ጭቃ የጠጣውን ማልያ ከልጄ እጅ ተቀብዬ ቧንቧውን ብከፍት ውሃ ጠፍቷል። ከድር በረንዳው ላይ ተቀምጦ እያየኝ፣ ጀሪካኑን አንሥቼ ወጣሁ።