በአራት ሰዓት የተሠራችው መኪና

ቱርሚ ላይ የታሰርኩባት ክፍል ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ ነበር። ሙቀቷን ለማያውቅ እንዲህ ልበል፤ ሰይጣን አንድ ሌሊት ቢያድርባት፣ ሲመለስ ገሃነም በርዶት ጋቢ ይደርብ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ነበርን። መስኮት የምንለው ሚስማር የወለቀበትን አንድ ቀዳዳ ነው፤ በየተራ ዓይናችንን እንሰካበታለን።

ወደዚያ ያስገባኝ ምላሴ ነው። የጂንካ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ። ምርጫው ካለፈ በኋላ የተበላሸ የጭነት መኪና ልሠራ ቱርሚ ወረድኩ። ጠዋት ባረፍኩበት ቤት በረንዳ ላይ ሻይ ስጠጣ፣ እስረኞች የፖሊስ ጣቢያውን አሮጌ ባለሸራ መኪና ሲገፉ አየሁ። ካልተገፋች ስለማትነሳ በየቀኑ ነው የሚገፏት አሉኝ።

"አሁን ገባኝ" አልኩ። "እስረኛው መኪናዋን ይገፋል፤ እሷ ደግሞ ሄዳ ሌላ የሚገፋ ታመጣለች።"

በረንዳው በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። በማግስቱ ያችው መኪና መጥታ ወሰደችኝ። ሕዝብን ለአመፅ ማነሳሳት ተባለ። ከዚያ ወዲያ እኔም ገፋሁ።

አጠገቤ የሚተኛው መምህር ነበር። የአሪ ልጅ ነው፤ እዚያው ቱርሚ ያስተምራል። በምርጫው ቀን የተቃዋሚ ታዛቢ ሆኖ ኮሮጆ አጠገብ ተቀምጦ ዋለ። ጥፋቱ መቀመጡ ነው። በእኔ ቀልድ የሚስቀው ከሌላው ሰው ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ስለነበር፣ ክፍሉ በአንድ ቀልድ ሁለቴ ይስቃል።

ወባ ያዘው። ሁለት ቀን ተንቀጠቀጠ፤ በሦስተኛው ጠዋት ማባዛት ማስተማር ጀመረ።

"ሰባት ጊዜ ስምንት! አንተ፣ ከኋላ ያለኸው!"

ከኋላ ያለሁት እኔ ነኝ። "ሃምሳ ስድስት፣ መምህር።"

"ጎበዝ፣ ተቀመጥ።"

ተኝቼ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ የዓይኑን ቆብ ገልጣ አየችና ለፖሊስ ጣቢያው አዛዥ፣ "ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል። ዛሬውኑ ጂንካ ሆስፒታል ካልገባ ነገን አያያትም" አለችው።

"ጂንካ መንገድ ላይ፣ ከዲመካ ወዲያ ሞተሯ ቢጠፋ ማን ይገፋታል? ለጅብ ላውርሳት?" አለ አዛዡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ፣ አፍ ብቻ ነህ ወይስ እጅም አለህ? ሥራት እስቲ። ከተሠራች ይሄዳል።"

"ከተሠራች መምህሩ ይሄዳል?"

"አልኩ እኮ!"

መምህሩን በሰሌን ተሸክመን ግቢው ውስጥ ባለው ግራር ጥላ ሥር አስተኛነው። ሾፌሩ፣ አንድ ሸበቶ አሥር አለቃ፣ ኮፈኑን ከፈተልኝ።

"በከንቱ ነው የምትደክመው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ጤነኛ ነው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅዬ አይቻለሁ፤ አልጠፋችም። ባትሪው ነው። ይሄ እንኳ ሦስተኛ ባትሪ ነው።"

በእኛ አገር ሾፌሮች ዘንድ ይህች ፍተሻ እንደ ጸበል የታመነች ናት። "አሥር አለቃ፣ ይሄ እኮ ናፍጣ ነው" አልኩት። "ናፍጣ አንዴ ከተነሳ መብራት ኃይል ቢቃጠልም ግድ የለው። እንኳን ባትሪውን፣ አንተንም ነቅለን ብንጥል አይጠፋም።"

እየሳቀ ካቻቢቴ ሰጠኝ። ቁልፉን አስከፍቼ ካቻቢቴውን ከዲናሞው ጀርባ አስጠጋሁት። ዲናሞው ቢነቃ ኖሮ እንደ ማግኔት ይስበው ነበር። ስለቀው ወደቀ። ወደ ዳሽቦርዱ ሄድኩ። ቁልፍ ሲከፈት ልትበራ የሚገባት ቀይ መብራት፣ ያቺ ቻርጅ የለም ብላ የምትናገረው፣ ጨለማ ናት። ከጀርባ እጄን ሰደድኩ፤ የአምፖሏ ቤት ባዶ ነው። በእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ዲናሞውን የምትቀሰቅሰው ትንሿ ኤሌክትሪክ የምታልፈው በዚያች አምፖል በኩል ነው።

"ማን ነቀላት?"

አሥር አለቃው ግራ ቀኙን አየ። "አዛዡ ነዋ! ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የላላ ጊዜ በራች። 'ይሄ ቀይ ነገር ፊቴ ላይ አይብራብኝ' አለኝ፤ ነቀልኳት። ቺንጋው ኋላ ተቀይሯል። ወንድሜ፣ በልጆቼ ይዤሃለሁ፣ እንዳታወጣኝ።"

የፍጥነት ማሳያውን ከሚያበሩት አምፖሎች አንዷን አውጥቼ ባዶው ቤት ከተትኳት። ቀይ በራ። ካቻቢቴው ከዲናሞው ጀርባ ተጣበቀ። እስረኞቹ ገፉ፤ ተነሳች፤ ቀዩ ጠፋ። የፊት መብራቷን አስበርቼ ነዳጅ ስጣት ስለው ብርሃኑ ጎላ። የአሥር አለቃው ሰዓት አራት ይል ነበር።

አዛዡ መጣ። "ምን ሆና ነው?"

በዕድሜዬ ከመጡልኝ ቀልዶች ሁሉ ትልቁ ምላሴ ላይ ጉብ አለ። ችግር አለ ብላ የምትነግረውን አስነቅሎ ሦስት ባትሪ የጨረሰ ሰው ፊቴ ቆሟል! ለቀልደኛ እንዲህ ያለ ሲሳይ በመቶ ዓመት አንዴ ነው። ወደ ሰሌኑ አየሁ። የመምህሩ ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

"ሽቦ ላልቶ ነው፣ አለቃ" አልኩ።

"ጎበዝ።" ገብቶ በሩን ዘጋ። "ዱስ መንደር እንግዶች ይጠብቁኛል። ስመለስ ይወሰዳል።"

"አለቃ፣ ከተሠራች ይሄዳል ብለው..."

"ስመለስ አልኩ!"

የጂንካን መንገድ ትታ ሄደች። አቧራዋ ሰሌኑ ላይ አረፈ። የመምህሩን ፊት በሸሚዜ ጠረግሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ቁጥር ሲያባዛ ቆየና ከነትንፋሹ አቆመ። መኪናዋ የተመለሰችው በማግስቱ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ አዛዡ ቢሮው አስጠራኝ። ወረቀት ገፋልኝ፦ "ታሳሪው መምህር ሪፈር የተባለ ቢሆንም በተሽከርካሪው ላይ በደረሰ የቴክኒክ ብልሽት ምክንያት ማጓጓዝ አልተቻለም።"

"እንደ ባለሙያ ፈርም" አለኝ። "ነገ ቤትህ ትገባለህ።"

ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። ሚስቴ ልትወልድ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋት ነበር። ቢሆንም በእጄ የሠራሁትን አልተሠራም ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ከጽሑፉ ሥር እንዲህ ጻፍኩ፦ "መኪናዋ በአራት ሰዓት ተሠርታለች። የሠራኋት እኔ ነኝ።" ስሜን እስከ አያቴ ሞላሁና ፈረምኩ።

አነበበው። ደግሞ አነበበው። "ይሄም ቀልድ ነው?"

"አይደለም፣ አለቃ።"

ያች መስመር ሰባት ወር ጨመረችልኝ። ልጄን ያየሁት ድኾ ነው።

ስፈታ የመምህሩ ሚስት ጂንካ ጋራዡ ድረስ መጣች። እንባዋን ጨርሳ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "መኪናዋ በስንት ሰዓት ተሠራች?"

"በአራት።"

መንገዱን በጣቷ ቆጠረች፤ ዲመካ፣ ቀይ አፈር፣ ጂንካ። "በዘጠኝ ይደርስ ነበር" አለች።

"ይደርስ ነበር።"

ዛሬም ቅዳሜ ገበያ ላይ እንገናኛለን። የልጆቼን ጤና ትጠይቀኛለች፤ ስለዚያ ቀን ግን ዳግም አንስታ አታውቅም። እኔ ራሴን እጠይቃለሁ። ያኔ የአምፖሏን ነገር ለአዛዡ ፊት ለፊት ብነግረው ኖሮ፣ መኪናዋ ወደ ጂንካ ትዞር ነበር? አትዞርም፤ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት ለመምህሩ ብዬ ነው እላለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ፈርቼ ይመስለኛል። ፀጉሬ ሸበተ፤ እስካሁን አልለየሁትም።