ከጅረቱ ማዶ የወደቀው ከርከሮ

ያን ቀን፣ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጎህ ሲቀድ ቆሞ፣ ጉሙ ከታላቁ ወንዝ ተነስቶ ገደሉን እየዳበሰ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። የላማዲ ቤቶች አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ። እንዲህ ባለ ጠዋት ከርከሮ መንጋቱን ይረሳል። አቻ ይህን ስለምታውቅ ጆሮዋን ከቀርከሃው ግድግዳ ላይ አጣብቃ ተቀምጣ ነበር። ብዙም አልቆየች፤ የበቆሎ አገዳ ሲሰበር ሰማች።

«መጣ» አለች።

ባሏ ዴንግ ከምንጣፉ ላይ ቀና አለ። ቀርከሃ ሊቆርጥ ወጥቶ ከቋጥኝ ከወደቀ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው፤ ቀኝ እግሩ በሁለት እንጨት መሀል ታስሯል። በእነዚያ ሃያ ሁለት ቀናት ያ ከርከሮ የማሳቸውን ግማሽ በልቶ ጨርሷል። የቀረው ግማሽ የብርዱን ወራት የሚያሻግራቸው ነበር፤ እሱን፣ እሷንና ገና ጡት ያልጣለችውን ልጃቸውን።

የአዳኞቹን አለቃ፣ መንደሩ ሁሉ አጎት የሚለውን አኬን፣ አራት ጊዜ ለምናዋለች። አራቱንም ጊዜ «ነገ» ብሏታል። አኬ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ማሳው ከመንደሩ መሀል ስለሆነ ከርከሮ አይደርስበትም፣ ያ ብቻ ነው። የሰው ረሃብ በጎረቤት ሆድ አይጮኽም።

ዴንግ የሚስቱን ዓይን ተከትሎ ወደ ግድግዳው አየ። እዚያ አባቱ የሠራው ባለምላጭ ቀስት ተሰቅሏል። ክንዱ ከዱር እንጆሪ ዛፍ የተጠረበ፣ ጅማቱ ከቃጫ የተገመደ፣ እንደ ጠመንጃ ከጉንጭ ጋር ተይዞ ምላጩ ሲሳብ የቀርከሃ ፍላጻ የሚወረውር ነው። በሰፈሩ እንደሱ ያለ አልነበረም። አባትየው ሲሞት ለዴንግ የተወለት እሱንና ያን ገደላማ ማሳ ነው።

«እንዳታስቢው» አላት።

«አላሰብኩም።»

«እጅሽ አስቧል።»

አቻ እጇን አየችው። እውነትም ተነስቷል።

በላማዲ ሴት ቀስት አትነካም። ከነካች ቀስቱ በባለቤቱ ደጃፍ ይቃጠላል፣ ባልየው ሦስት ዓመት አያድንም፣ የገደለችውንም ላማዲ አይቀምሰውም። ከጅረቱ ማዶ ባለችው በዚቦሎ ግን፣ አቻ በተወለደችባት መንደር፣ ሴቱም ወንዱም ይተኩሳል፤ እሷ ራሷ በአሥር ዓመቷ ቆቅ ጥላለች። ዚቦሎ ደግሞ ላማዲ የማያውቀው የራሷ ክልከላ አላት፤ ኮክ ካበበ ጀምሮ በቆሎ እስኪቆም እናት አውሬ አይነካም። ከዚያ በላይ ያሉት የተራራው ሰዎች መርዝ የተቀባ ፍላጻ ካዩ የባለቤቱን ጥርስ ያወልቃሉ። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ሰው ሦስት ሕግ ይሻገራል። ሁሉም የሚስማሙባት አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ የሚፈረደው አውሬው በተወጋበት መሬት ሕግ ሳይሆን በወደቀበት መሬት ሕግ ነው።

ዴንግ ያሰበው ይህንኑ ነበር።

«ትልቅ ከርከሮ መርዝ ይዞ ሁለት መቶ እርምጃ ይሄዳል» አለ። «ከማሳችን እስከ ጅረቱ ሦስት መቶ ነው።»

«ታዲያስ?»

«መቶዋን አንቺ ትጨምሪያለሽ። ወዲህ ከወደቀ የአባቴ ቀስት አመድ ሆነ። ጅማቱ እርጥበት ስቧል። በምድጃው ሙቀት ላይ ሁለቴ አዙሪው። ከኮሮጆው ቀይ ክር የታሰረባትን ፍላጻ ውሰጂ፣ ጫፏን እንዳትነኪ።»

አቻ ልጅቷን ከአባቷ ጎን አስተኛቻት። ከዚያ ቀስቱን አወረደች። ለስድስት ዓመት አቧራውን እንኳ ሳትጠርግለት አልፋዋለች፤ ስታነሳው ግን ክንዷ ሁሉንም ያስታውስ ነበር።

ከቤቱ ሥር የተኛው ነጭ ጆሮ የተባለው ውሻቸው ሳይጠራ ተከተላት።

ማሳው አፋፍ ላይ ስትደርስ አየችው። ጀርባው እንደ ቆመ መጥረጊያ፣ አፉ በበቆሎ ወተት ነጭ ሆኖ። የአንድ ጊደር ያህል ነበር። የላማዲ ወንዶች ቀስት ሲወጥሩ ቆመው ሆዳቸው ላይ ደግፈው ነው፤ የዚቦሎ ሴቶች ግን ይቀመጣሉ። እሷም ጭቃው ላይ ተቀመጠች፣ ሁለት እግሯን በቀስቱ ክንድ ላይ አሳረፈች፣ ጅማቱን በሁለት እጇ ስባ ምላጩ ላይ አያያዘችው። ቀይ ክር ያላትን ፍላጻ አስቀመጠች። ነፋሱ ወደ እሷ ነው፤ ከርከሮው አልሸተታትም።

ምላጩን ሳበችው።

ፍላጻዋ ከትከሻው ሥር ገባች። ከርከሮው አንድ ጊዜ አጓራ፣ ዞረ፣ ከዚያም ሮጠ። ግን ቁልቁል ወደ ጅረቱ አልሮጠም፤ ሽቅብ ወደ መንደሩ ነው የገሰገሰው።

«ኧረ በዚያ አይደለም» አለች አቻ፤ ከርከሮ ይሰማ ይመስል። ቀስቱን ጀርባዋ ላይ ጥላ አቋርጣ ሮጠች፣ ከፊቱ ወጣች፣ የወፍ ማባረሪያውን የቀርከሃ ቱቦ ከአጥር ነቅላ ድንጋይ ላይ ቀጠቀጠችው። ነጭ ጆሮም ከላይ መጣበት። ከርከሮው ቆሞ ሴትዮዋን አያት፣ ውሻውን አየ፣ ከሁለቱ መንገዱን መርጦ ቁልቁል ተወረወረ። ሽቅብ ሲወጣ ያባከነው ሃምሳ እርምጃ ነበር፣ መመለሻውም ሃምሳ። አቻ በልቧ ቆጠረችው፤ አሁን መቶ ሳይሆን ሁለት መቶ ልትጨምርለት ነው።

የቱቦው ድምፅ ላማዲን ቀሰቀሰ። በላማዲ ሕግ፣ አውሬው አንገቱ ሳይቆረጥ ያየ ሁሉ ከሥጋው ድርሻ አለው። ስለዚህ ማንም «ምን ሆነ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ሁሉም ቢላውንና ቅርጫቱን ይዞ ነው የሮጠው። ሽማግሌው አኬም አንድ እግር ጫማ አድርጎ ከኋላ መጣ፤ የአቻን ጀርባም አየ።

«ያቺ ሴትዮ የተሸከመችው ምንድን ነው?»

«ማገዶ ነው አጎቴ» አለው አንዱ ጎረምሳ እየሮጠ።

«ማገዶ ጅማት ኖሮት ያውቃል? ቁሚ አንቺ!»

አቻ አልቆመችም። ከርከሮው መሰላል በመሰለው ማሳ ከእርከን ወደ እርከን ይዘላል፣ እሷም ከኋላው። አንዴ ተንሸራታ በቂጧ ሁለት እርከን ወረደች፤ ለጊዜው እሷ ቀድማው ነበር። የጅረቱ ድምፅ ተሰማ። ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው ከርከሮው ፍጥነቱ ላላ፣ የኋላ እግሩ ተጣጠፈ፣ እንደ ደከመው እንግዳ ቁጭ አለ።

«ተነስ» አለችው አቻ። ከጎኑ ራቅ ብላ ቆማ በያዘችው ቀርከሃ ገፋችው። «ተነስ አንተ ሆዳም። በቆሎዬን ሁሉ በልተህ ሠላሳ እርምጃ ትነፍገኛለህ?»

ከላይ ሕዝቡ ይሳሳቃል። «አቻ፣ አባብዪው። ጀርባውን እከኪለት።»

ከርከሮው አልተነሳም። ነጭ ጆሮ ሰተት ብሎ መጣና ጭራውን ነከሰው። ከርከሮው እንደ አሮጌ በር እየጮኸ ተነሳ፣ ውሻውን እየጎተተ ሄደ፣ ጠጠሩን አለፈ፣ ውሃው ውስጥ ገባ። ጅረቱ ከጉልበት አያልፍም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ በደረቱ ተደፋ። ጭንቅላቱና የፊት እግሮቹ ከማዶ ባለው ደረቅ ጠጠር ላይ ናቸው፤ የኋላው ውሃው ውስጥ ወደ ላማዲ ዞሮ ቀረ።

ውሃው ብቻ ነበር የሚያወራው።

ማዶ ላይ ቃጫ ሲያጥብ የነበረው የዚቦሎ ሽማግሌ ዋፉ፣ የአቻ እናት ወንድም፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ተነሳ። ከርከሮውን አየው።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለው ለከርከሮው።

«አልመጣም» አለ አኬ ከወዲህ ዳር፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ቂጡ ላማዲ ነው።»

«ጭንቅላቱ ዚቦሎ ነው።»

«አውሬ በእግሩ ነው የሚሄደው። የኋላ እግሩ ገና እኛ ዘንድ ነው።»

«አኬ፣ አንተ ሰው ቤት ስትገባ ቂጥህን ነው የምታስቀድመው?»

ማዶና ማዶ ያለው ሕዝብ ሳቀ። አኬ አልሳቀም። «አንተ አጎቷ ነህ፤ ላንተ ፍርድ አይሰጥም። ከርከሮው ላማዲ ወድቋል። ቀስቱም ዛሬ ይቃጠላል።»

አቻ ውሃው ውስጥ እንደቆመች ቀስቱን ከጀርባዋ አውርዳ በሁለት እጇ ያዘችው። ቤት የቀረው ባሏ ሳቁን እየሰማ መሆኑን፣ ምን እንደተባለ ግን እንደማይሰማ አሰበች። አራት መቶ እርምጃ የሮጠችው እሷ፣ የሚፈርዱት ግን ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ይኸ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም።

ያን ጊዜ ቅርጫቷን ራሷ ላይ የደፋች ኒማ የምትባል አሮጊት ከላማዲ ሰዎች መሀል ወጣች። የአኬ ታላቅ እህት ናት።

«አኬ» አለች፣ «ላማዲ ከወደቀ ሴት የገደለችው ነው፤ አንበላውም። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ።»

«ዚቦሎ ከወደቀ ግን የዚቦሎ ሥጋ ነው። ዋፉ፣ እናንተ ዘንድ እንግዳ ድርሻ የለውም?»

«ቆሞ ላየ እንግዳ ሁሉ አለው» አለ ዋፉ።

ኒማ ወንድሟን አየችው። ከኋላዋ ሠላሳ ሰው ከነቅርጫቱ አየው። ልጆቹም አዩት፤ የራሱ ሚስትም ድስት ይዛ አየችው። ያን ዓመት ከአዲስ ዓመት ወዲህ በላማዲ ሥጋ የቀመሰ አልነበረም።

አኬ ለረጅም ጊዜ ውሃውን ተመለከተ። ከዚያ ያለውን አንድ ጫማ አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ ጅረቱ ውስጥ ገባ። የከርከሮውን የኋላ እግሮች በሁለት እጁ ይዞ፣ እያቃሰተ፣ ወደ ማዶ ገፋው። አንዴ ቆሞ ተነፈሰና ደግሞ ገፋው። ጭራው ደረቅ ጠጠር ላይ እስኪያርፍ ድረስ አልለቀቀም።

«አሁን ወደቀ» አለ ቀና ብሎ።

«የት?» አለው ዋፉ።

«ዓይን የለህም? ዚቦሎ ነዋ።»

በዚቦሎ ሕግ ራሱና ቆዳው የተኳሹ ነው። ዋፉ ፍላጻዋ የገባችበትን ሥጋ የጭብጥ ያህል ቆርጦ ውሻ እንዳይበላው ቀበረው፤ ሌላው ለሁለቱ መንደር ተከፈለ። አኬ ከትከሻው በኩል ደህና ቁራጭ ደረሰው። ሲቀበል ለአቻ፣ «የቀስቱ ጅማት ረጥቧል፣ ሳይደርቅ እንዳትሰቅይው» አላት።

ቤት ስትደርስ ዴንግ በአንድ እግሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ልጅቷን ታቅፎ። ቀስቱን አየ፣ የከርከሮውን ራስ አየ።

«ስንት እርምጃ ሄደ?» አለ።

«አራት መቶ። የመጨረሻዋን ሁለት ክንድ አኬ ጨመረለት።»

ዴንግ እስኪያመው ሳቀ፣ ከዚያ የእግሩን እንጨት ይዞ ተቀመጠ።

ላማዲ ሕጉን አልለወጠም። በቀጣዩ ዓመት ግን ከርከሮ ሲመጣ የላማዲ ሴቶች እየነዱ ጅረቱን አሻግረው ማዶ ይተኩሱት ጀመር፤ ማንም ያየ አይመስልም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ መንግሥት ለሁለቱም ዳር አንድ ሕግ አወጣ፤ አደን ቀረ፣ ቀስቶቹም ተመዘገቡ፣ ለበዓል ውድድር ብቻ ተፈቀዱ። ከርከሮው ግን አልተመዘገበም፤ አሁንም በቆሎ ይበላል።

ዴንግ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። አቻ ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ያን ቀን ጡት ትጠባ ከነበረችው ልጇ ጋር ታች ወንዙ ዳር ትኖራለች። ቀስቱ የምዝገባ ቁጥር ተለጥፎበት ከአልጋዋ በላይ ተሰቅሏል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ታወርደውና ለሰፈሩ ሴት ልጆች ተቀምጠው እንዴት እንደሚወጥሩት ታሳያቸዋለች።