ለእንግዶች የተረጎምኩት ሐዘን

ቦንጋ ውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ቲቸር ፓሲቭ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እነሱ ግን ማወቄን አያውቁም። ስሙን ያወጡልኝ ፓሲቭ ቮይስ የሚባለውን ትምህርት ሳስተምር ሌላ ሰው ስለምሆን ነው። በሌላው ምዕራፍ ላይ መጽሐፍ መጽሐፉን እያየ የሚንተባተበው ሰውዬ፣ እዚህ ሲደርስ ሦስት ዓይነት ቀለም ጠመኔ ይዞ እየተንጎራደደ ይገባል። ተደራጊውን ከኋላ አንስቼ ወደ ፊት አመጣዋለሁ፤ ኢዝ ወይም ዎዝ አስከትልለታለሁ፤ ግሡን ወደ ሦስተኛው ቅርጹ እለውጣለሁ፤ አድራጊውን ባይ ከምትባለው ቃል ጋር አያይዤ ወደ መጨረሻ እገፋዋለሁ። «አድራጊው ካልታወቀ ወይም ካላስፈለገስ?» ስል ክፍሉ በሙሉ «ይጣላል!» ብሎ ይጮኻል። ምሳሌዎቹም የራሴ ናቸው። ቡና ይለቀማል። ቀፎ ይሰቀላል። ማር ይቆረጣል። የዚሁ አገር ልጆች ናቸውና ቶሎ ይገባቸዋል፤ ፈተና ላይም በዚህ ጥያቄ የሚሳሳት ተማሪ ብዙ የለኝም።

መናገር ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛን ከጥቁር ሰሌዳ ተምሬ መልሼ ለጥቁር ሰሌዳ ነው ያስተማርኩት። በዚህ ቋንቋ ከሰው ጋር ቆሜ ያወራሁበትን ቀን አላስታውስም። ሥልጠና ስንጠራ እንኳ አሠልጣኙ በእንግሊዝኛ ይጀምርና ከሻይ እረፍት በኋላ በአማርኛ ይጨርሳል፤ ሁላችንም እፎይ እንላለን። ይህን ጉድ ከሥራ ባልደረቦቼ በቀር ማንም አያውቅብኝም። በተለይ የባለቤቴ አባት አያውቁም።

አማቴ የሚኖሩት ማንኪራ ነው፤ ቡናና ንብ ያላቸው፣ ንግግር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸውን ለጋብቻ ስጠይቅ ዘመዱ ሁሉ ሲያቅማማ የደገፉኝ እሳቸው ነበሩ፤ ምክንያታቸውም እንግሊዝኛዬ ነበር። ንግግር አያበዙም ብልም፣ በእኔ ነገር ግን አፋቸው አያርፍም፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «አማቼ የፈረንጁን ቋንቋ እንደ ውሃ ይጠጣዋል» ይላሉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ደወሉልኝ። ጫካውን ሊያዩ እንግዶች ይመጣሉ፤ አስጎብኚ አላቸው፤ አንተም ብትኖርልኝ ቤቴ ይከብራል አሉኝ። አስጎብኚ አላቸው የምትለዋ ቃል ልቤን አሳረፈችው። ሸሚዜን አስተኩሼ ሄድኩ።

እንግዶቹ ፀጉራቸው የሸበተ ፈረንጅ ባልና ሚስት ነበሩ። ከቦንጋ አብሯቸው የመጣው ወጣት አስጎብኚ ነገሩን ሁሉ ሲያቀላጥፈው እኔ ከኋላ ሆኜ አንገቴን እየነቀነቅኩ እንደገባው ሰው እስቅ ነበር። ቆጮና ማር ቀረበ። በመሃል መኪናቸው መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራለች የሚል ወሬ መጣ። አስጎብኚው ብድግ ብሎ ለእንግዶቹ የሆነ ነገር ነገራቸውና ወደ እኔ ዞረ፤ «መምህር፣ እርስዎ አሉ አይደል? እስክመለስ ያጫውቱልኝ» ብሎ ቁልቁል ሮጠ። አጥሩ ሥር ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። አማቴ ፊታቸው በራ።

ሴትዮዋ ወዲያው ወደ ላይ ጠቆመች። ከቤቱ ጀርባ ካለው ረጅም ዛፍ ላይ ላዩ የተላላጠ አሮጌ ቀፎ ብቻውን ተሰቅሏል። የተናገረችውን አልያዝኩትም፤ ጣቷ ግን በቂ ነበር። «ስለዚያ ቀፎ ነው የምትጠይቀው» አልኳቸው ለአማቴ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ።

ያን ቀፎ የሰቀለው የአማቴ የመጨረሻ ልጅ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሰቅሎት ሲወርድ ገመዱ ተበጥሶ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያን ማር የቆረጠ የለም። አማቴም ስለ ልጁ ሲናገሩ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ተናገሩ። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ፣ ቀስ ብለው፣ ስሙን እየጠሩ ተናገሩ። ዛፍ ሲወጣ እንደሚያፏጭ፣ እናቱም ፉጨቱ ሲቆም ወረደ ብላ ምሳውን እንደምታቀርብ፣ ያን ቀን ፉጨቱ ሲቆም ምሳ አቅርባ እንደጠበቀችው ተናገሩ። አጥሩ ሥር ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «በል ልጄ፣ ንገርልኝ» አሉ።

ቃሉን አላውቀውም ነበር ብል እንኳ ይሻለኝ ነበር። ልጅ፣ ወደቀ፣ ሞተ፤ እነዚህን የአራተኛ ክፍል ተማሪም ያውቃቸዋል። ነገር ግን እንግዶቹ ዓይን ዓይኔን እያዩ ሲጠብቁኝ ከአፌ የወጣው ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ብቻ ሆነ። «ዘ ሃይቭ ኢዝ ሀንግ» አልኩ። ቀፎው ተሰቅሏል። አሁንም ይጠብቃሉ። «ዘ ሃኒ ኢዝ ኖት ኮሌክትድ።» ማሩ አይቆረጥም። ለንቦቹ የተተወ ማር መስሏቸው ይሆናል፣ ሴትዮዋ ፊቷ በሳቅ ተሞላ፤ ባሏም እየሳቀ አንድ ነገር አላት። «ቢዩቲፉል፣ ቢዩቲፉል» እያለች ቀፎውን ፎቶ አነሳችው። አማቴንም ዛፉ ሥር አቁማ አነሳቻቸው።

ሽማግሌው ቆሙላት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ነገርካቸው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ልጄ እንደሞተ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ሳቁ?»

«ባህላቸው ነው» አልኳቸው። «ሰው ሲያዝን እንዲህ ፈገግ ይሉለታል። ለማጽናናት ነው።»

ጥቂት አሰቡና አንገታቸውን ነቀነቁ። ሄደውም የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው አመሰገኗት። እሷም አመሰገነቻቸው። አስጎብኚው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመለስ ለእሱ ሹክ ልለው እችል ነበር፤ እንግዶቹ ገና አልሄዱም፣ እሱም በጥሩ እንግሊዝኛ ያስረዳቸው ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት አልቻልኩም ማለት ሞት መሰለኝ። ማታ ባለቤቴ «አባዬ ስለ ወንድሜ ተናገረ አሉኝ፤ ፈረንጆቹ ምን አሉ?» ስትለኝም «አዘኑ» አልኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔው ወለምታም አይባል፤ አስቤ የተናገርኩት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኪራ እንሂድ ስትለኝ ሥራ የሚበዛብኝ ሰው ሆንኩ።

በቅርቡ ግን የማልቀርበት ነገር መጣ። የአማቴ ጎረቤት ጎልማሳ ልጃቸው ሞተባቸውና ለቅሶ ሄድን። ሰውዬው አይበሉ፣ አይናገሩ፤ ግድግዳውን ብቻ ያያሉ። አማቴ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር።

«እኔም እንዳንተ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ» አሏቸው። «ያን ቀን ግን አማቼ ለፈረንጆቹ ነገረልኝ። አሁን የልጄ ስም ባሕር ማዶ ይታወቃል። የማያውቁት ሰዎች አዝነውለታል። ይኸው እንቅልፍ የሚባል ነገር መጣልኝ። አንተም ጥራው እንጂ ልጅህን፤ ይቀልሃል።»

ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። ለቀስተኛው ወደ እኔ ዞረ። አንድ አዛውንት ቦታቸውን ለቀው «መምህር፣ እዚህ አረፍ ይበሉ» አሉኝ። ባለቤቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና እንባ ባዘለ ዓይን፣ እንደማመስገን እያደረገች አየችኝ። እግሬን እየጎተትኩ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አማቴ ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። «እስቲ ልጄ፣ ስሙን ያን ቀን ለፈረንጆቹ እንደጠራህላቸው አድርገህ ጥራልን፤ ጎረቤቴም ይስማው» አሉኝ።

ሐዘንተኛው ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። አፌን እንደ ፈረንጅ አጣምሜ የልጁን ስም ጠራሁላቸው፤ ከዛፉ ሥር ቆሜ አንዴም ያልጠራሁትን ስም።